ዘይት ያልነካው ገበቴ

ዘርፈሽዋል ከአዶላ ስትወጣ የባሏን የወርቅ ማጠቢያ ገበቴ ሰርቃ ነው የወጣችው። ሌላ ስም አይሰጠውም። ደርግ በገባ በአራተኛው ዓመት፣ ባሏ ኪዳነ የወርቅ ጉድጓዴን ትቼ የትም አልሄድም ቢላት፣ ገበቴውን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭነት መኪና ላይ ወጣች። ወርቅ አጣቢ ያለ ገበቴው ምን ይሠራል፤ ተከትሎኝ ይመጣል አለች። ሞኝ።

ይኸው ሮም ከገባች ስድስት ዓመቷ። ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ በተከራየቻት ክፍል፣ ገበቴው ቁም ሣጥኑ ላይ በአፉ ተደፍቶ ይኖራል። ቅባት አታስነካውም። ቅባት በነካው ገበቴ ላይ የወርቅ ብናኝ አይሰምጥም፤ ተንሳፍፎ ከአሸዋው ጋር ይሄዳል። የአሠሪዋን የሲኞራዋን ድስት ስታሽ ውላ ስትመጣ፣ እጇን ሦስቴ በሳሙና ሳትታጠብ አትነካውም። ሮም ውስጥ ምን ወርቅ አለና ነው ያላትን ሁሉ፣ ሮም እቀራለሁ ያለህ ማነው ብላ አፉን ታዘጋዋለች።

አንድ ሐሙስ፣ በእረፍት ቀኗ፣ ወልደጊዮርጊስ የሚባል አዲስ መጤ ከደጇ ደረሰ። ከኪዳነ ጋር አንድ ጉድጓድ ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ምሳ እያቀረበች የአዶላን ወሬ አስወራችው። ዛሬም በገመድ ነው የሚወረደው፤ ጭቃው በባልዲ ይወጣል፤ ዘበኛው ጥፍር ሥር ሳይቀር ይፈትሻል። ሁሉን ጠይቃ ጠይቃ መጨረሻ ላይ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ኪዳነ በምን አጠበ አለችው።

"በሦስተኛው ቀን ዋንዛ ቆርጦ ሌላ ጠረበ፣ እትዬ።"

ሦስት ቀን። እሷ ስድስት ዓመት ስትጠብቅ፣ እሱ ሦስት ቀን። ተነሳች። ገበቴውን አወረደች፣ ሰላጣውን ዘረገፈችበት፣ የወይራ ዘይቱን አንቆረቆረችበት።

"ብላ። አሎራ፣ እንግዲህ ሣህን ሆነልህ።"

ሰውየው እጁን አልዘረጋም።

"ምነው፣ ተጸየፍከኝ?"

"አዲሱ ገበቴ ብናኝ አይዝለትም" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ኪዳነ ያኛው ገበቴ እጄን ያውቀዋል እንዳለ ነው። ስወጣ አንድ ነገር ብቻ አዘዘኝ። ገበቴውን እይልኝ፤ ዘይት ካልነካው እየጠበቀችኝ ነው ማለት ነውና ጻፍልኝ፣ መንገድ እጀምራለሁ አለ።"

ዘርፈሽዋል ሰላጣውን ጠርጋ ደፋችው። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው፣ በእንጨት ወደሚጋግረው ዳቦ ቤት ወረደች፤ አመድ ስጡኝ አለች። ዳቦ ጋጋሪው አብዳለች ብሎ ይሁን አዝኖላት፣ ከረጢት ሙሉ ሰጣት። ዘይቱን እንዲያስለቅቅላት በአመድና በፈላ ውኃ እስኪመሽ አሸችው፤ ክንዷ ዛለ። ከዚያ አጥባ አጥባ ጭልፋ ውኃ አፈሰሰችበት። ጠርዙ ላይ ውኃው ወደ እንጨቱ ሰረገ። መሐሉ ላይ ግን፣ ዘይቱ ገና አልለቀቀምና፣ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ቆመ።

"ምን ብዬ ልጻፍለት፣ እትዬ?"

"እስከ እሑድ ምንም አትጻፍ" አለችው፤ ባዶውን ከረጢት ይዛ ወደ ዳቦ ቤቱ ተመልሳ ወረደች።