የማያንጸባርቅ መስታወት

ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት የእናትየው መልስ "መስታወት ትቧጭራለች" ነበር። ሐሰት ነው አይባልም። ልጅት ቤተ ሙከራ ገብታ በመስታወት ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉብታዎች ትቀርጻለች፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው ነጥሮ በመመለስ ፈንታ ዘልቆ ያልፋል። ይህን ሁሉ ተምሮ ቧጫሪ መባል ግን አንጀት ያሳርራል። እናቷ አንዴ እንኳ በሥራዋ ስትኮራ ማየት ፈለገች።

ስለዚህ እናቷ ገበያ በሄደችበት የሟች አባቷን ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ አወረደች። ፎቶ አንሺው ምን እንደነካው እንጃ፣ ሰውየውን ጥግ አስይዞ ቀሪውን ለጥቁር መጋረጃ ትቶታል። በዚያ ላይ ትይዩ ያለው መስኮት የፎቶው መስታወት ላይ እያበራ ፊቱን ይጋርደው ነበር። ልጅት ራሷ የቀረጸችውን መስታወት ገጥማ መልሳ ሰቀለችው። አባትየው ቁልጭ ብሎ ወጣ።

እናትየው ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንደያዘች ደርቃ ቆመች።

"መስታወቱን ሰበርሽው?"

"አለ እኮ እማዬ።"

"የታለ? አባትሽን አቧራ ሊጠጣው ነው?" ጣቷን ብትሰድ መስታወት ገጫት። የባሏ አፍንጫ ላይ የጣት አሻራ ቀረ።

ወሬው ጎረቤት ደረሰ። የመጣ ሁሉ ካልነካሁ አላምንም አለ። በሕይወት ሳለ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ያ ቁጡ ሰው፣ አፍንጫው የመንደር መጫወቻ ሆነ። የጣት ቅባት ጉብታዎቹ መሀል እየገባ ሥራዋን ስለሚያበላሸው፣ ልጅት አልኮልና ጨርቅ ይዛ ስትወለውል ሰነበተች። ደስታዋ ግን ወሰን አልነበረውም።

እናቷ አልተደሰተችም። ሳሎን መቀመጥ ተወች። በመጨረሻ "የድሮውን መልሺልኝ" አለች።

"ለምን? አሁን እኮ አባዬ ጥርት ብሎ ይታያል!"

"የሱን መልክ ለኔ ልታሳዪኝ? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!" ከዚያ እንደ ሙሽራ አቀረቀረች። "ሻሼን የማስረው እዚያ ጥቁሩ ላይ ራሴን እያየሁ ነበር። ከጎኑ እታያለሁ። አሁን እሱ ብቻውን ነው፤ እኔ የለሁም።"

ልጅት ነጸብራቅን እንደ ደመኛ ስታሳድድ ኖራ ለካ እናቷን ከአባቷ ጎን አባራለች።

በማግስቱ ቤተ ሙከራ ገብታ ሌላ መስታወት አንስታ፣ በመጋረጃው በኩል የሚውለውን ግማሽ በፕላስተር ሸፈነችና ጉብታዎቹን በአባቷ በኩል ብቻ ቀረጸች። አለቃዋ አገላብጦ አየው።

"ይሄኛው ወገን ተረሳ እንዴ?"

"አልተረሳም። እናቴ የምትቆምበት ነው።"

ተሰቀለ። እናትየው ፊት ለፊቱ ቆማ ትንሽ ወደ ግራ አለች፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ሻሿን አስተካከለች። ባሏ በዚህ፣ እሷ በዚያ፣ ጎን ለጎን ሆኑ። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ወደ ልጇ ዞረች።

"ልጄ፣ እንግዲህ ይህን ካወቅሽበት... ትንሽ ጠጋ እንዲልልኝ ማድረግስ አይቻልም?"