ሰባት ቤት በአንድ ወረቀት

በጃናሞራ ልጅ የሚድር ሰው አያ አለነን ሳያማክር ጠላ አይጠምቅም። አያ አለነ መካነ ብርሃን አጠገብ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ዘር ሲቆጥር ግን ቄሱ እንኳ ዝም ብለው ያዳምጡታል። የሚጋቡት ልጆች እስከ ሰባት ቤት እንደማይዛመዱ የሚያረጋግጠው እሱ ነው። በዚያው አፉ ደግሞ ደዌ ያለበትን ቤት ይናገራል፤ አንዴ «እዚያ ቤት ነገር አለ» ካለ የዚያ ቤት ልጆች ቆመው ይቀራሉ። ሰው ምላሱን ቢፈራውም ይዋሻል ብሎ አያማውም። የሚዋሸው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም የደረሰበት የለም።

ትንሿ ልጁ እስከዳር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጸዳዳ ደም ሲወርዳት «ኪንታሮት ነው» ተባለና ሥር እየቀቀሉ አጠጧት። ገርጥታ ዳገት መውጣት ሲያቅታት ነው አባቷ በአውቶቡስ ጎንደር ሆስፒታል ያደረሳት። ደም ተሰጥቷት ነፍስ ስትዘራ፣ ዶክተር ማርያማዊት የምትባል አዘዞ ያደገች የመሪጌታ ልጅ አባትየውን አስቀምጣ ጠየቀችው።

«አያ አለነ፣ ከእናንተ ወገን እንዲህ ደም የሚወርደው፣ ወይም በሆድ ሕመም በወጣትነቱ የተቀጨ ሰው አለ?»

አያ አለነ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። አለነ ሙሉሰው፣ ሙሉሰው ሐብተ ማርያም፣ ሐብተ ማርያም ህሩይ እያለ እስከ ሰባተኛው ቤት ወጣ። «አጥንታችን ሸጋ ነው፤ ነቀፋ የለበትም» ብሎ ዘጋ። ትልቋ ልጁ ሽታዬ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ለጥር ታጭታለች። ለእጮኛዋ ቤተሰብም የቆጠረው ይህንኑ ነው።

«ይሁን» አለች ሐኪሟ። «የዘር ምርመራውን የሚሠራ መሣሪያ እዚህ የለንም። ያለን የእርስዎ አፍ ነውና ነገ ደግመን እንነጋገራለን።»

በማግስቱ ጠዋት እስከዳርን በመድኃኒት አስተኝተው፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ጣት የሚያህል ጥቁር ቱቦ በመቀመጫዋ አስገቡላት። ሐኪሟ «ይዩ» ብላ ስለፈቀደችለት አባትየው አፉን በጭምብል ሸፍኖ ከስክሪኑ ፊት ቆመ።

ዕድሜ ልኩን በግ አርዷል፤ አንጀት ለሱ ታጥቦ የሚበላ ነገር ነበር። አሁን ግን በሕይወት ያለ የገዛ ልጁ አንጀት በራሱ ሲንቀሳቀስ አየ። ሮዝ ነው፤ እርጥብ ነው፤ ያበራል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘርግተውበታል። የሰው ልጅ ውስጡ ይህን ያህል ያምራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ፈራም፣ ደነቀውም። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ነርሷ በክንዱ ያዘችው።

ከዚያ ከአንጀቷ ግድግዳ የበቀሉ ትርፍ ሥጋዎች መጡ። በቀጭን አንገት የተንጠለጠሉ፣ ክብ፣ ቀያይ፣ እንደ በሰለ ቀጋ። መቁጠር ልማዱ ነውና ቆጠረ። ሠላሳ አራት ላይ መቁጠሩን ተወ። ሐኪሟ ትልልቆቹን በሽቦ ቀለበት እያነቀች ቆረጠች።

«ሁሉን በአንድ ቀን አልጨርሰውም፤ በየጊዜው ትመለሳለች» አለችው። «ቸል ከተባሉ ውለው አድረው ወደ ካንሰር ሊዞሩ ይችላሉ። እንዲህ ሲበዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአባት ወይ ከእናት የሚወርዱ ናቸው። እህትና ወንድም ካላት እነሱም መታየት አለባቸው።»

ለቀባሪው አረዱት። አባቱ ሙሉሰው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሆዱን ይዞ ሲሞት የተኛበት አጎዛ በደም ርሶ እንደነበር በዓይኑ አይቷል። እሱም ራሱ ከጉርምስናው ጀምሮ ይደማል፤ ሰው እንዳያይበት ወንዝ ተሻግሮ ነው የሚጸዳዳው። ሚስቱ እንኳ አታውቅም። የሰውን ደዌ ሲቆጥር የኖረ ምላስ የራሱን ደጅ እየዘለለ ሲያልፍ፣ የልጁ ደም እየፈሰሰ ነበር። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«የኔ ልጅ፣ ሰፊ ወረቀት አምጪ» አላት ከክፍሉ ሲወጡ። «ትናንት የቆጠርኩልሽ የሰርግ ዘር ነው። አሁን የበሽታውን ልቁጠርልሽ።»

ማርያማዊት ለወንዱ ሳጥን፣ ለሴቷ ክብ እየሳለች፣ የታመመውን እያጠቆረች ስትጽፍ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከሰባተኛው ቤት ቁልቁል ወረደ። በዘር ቆጠራ የማይጠሩትን ሁሉ ጠራ፤ ሳይወልዱ የሞቱትን፣ ዛሪማ ወርደው ያገቡትን አክስቶች፣ በስድስት ዓመቷ የተቀበረችውን እንኳየሁን። ከሽማግሌ የሰማውን «ሰማሁ»፣ ያየውን «አየሁ» እያለ ለየ። አንድ ስም አልተደናቀፈበትም። አባቷ ቅኔ ሲቀኙ ሰምታ ያደገችው ሐኪም ብዕሯን አቁማ አፉን አየችው።

«ይህን ምንም መሣሪያ አይነግረኝም ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችለት። ሰባት ቤት በአንድ ገጽ ላይ ተዘርግቶ አየ። ጥቁሩ ከህሩይ ይጀምርና እሱ ጋ እስኪደርስ አንድ ቤት አልዘለለም። ከሱ ሥር አራት ልጆች አሉ፤ አንዷ ጥቁር፣ ሦስቱ ባዶ።

«እነዚህስ ምነው ነጭ ሆኑ?»

«ገና አላየናቸውማ።»

የመጀመሪያዋ ባዶ ክብ ሽታዬ ናት። ጣቱን እሷ ላይ አሳረፈ። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥቶ ለእጮኛዋ አባት ስልክ ደወለ።

«አያ ሙሉቀን፣ ዘር ልቆጥርልህ ነው የደወልኩ» አለ። «ያን ቀን ደዌ ያለበትን ቤት ሳልነግርህ ዘለልኩት። የኔ ቤት ነው።»