አርባ ማሰሪያ

ሰው የተቀመጠበት ባለጎማ ወንበር በሚሮጥ መኪና ውስጥ ምን ይዞት ይቆማል? ከሚሪያ ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምራ ብታገላብጠው ብታገላብጠው መልስ አጣችለት። ጎማ የተሠራው ሊሄድ ነው። መኪናውም ሂያጅ ነው። በሁለቱ ሂያጆች መሀል ደግሞ የልጅ ልጇ ከሪማ አለች።

ከሪማ ጃሚዓ ሰፈር የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ናት። ማዳም እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከባለጎማው ወንበር አይወርዱም፤ ጁምዓ ጁምዓ መካ፣ ዛሂር ሰፈር ወዳለችው ልጃቸው ሲሄዱም ከነወንበራቸው ተገፍተው ነው መኪናው ውስጥ የሚገቡት። ባለፈው ጁምዓ ሾፌሩ ጣሂር ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ ወንበሩ ማዳምን እንደያዘ ተንደረደረ። ልጅቱ በጉልበቷ ገታችው። ማዳም ደህና ናቸው፤ የልጅቱ ጉልበት ግን ይኸው እስከ ዛሬ እንዳበጠ ነው። አሁንስ ጉልበት ነው፣ ነገ ደረቷን ቢመታትስ? ማዳም ወድቀው ቢሰበሩስ፣ አሠሪዋ፣ ከፊሏ፣ ሾፌሩን ትቶ እሷን «ምን ስትሠሪ ነበር» ቢላትስ?

ከሪማ እዚህ ስላደገች ግማሽ ወሬዋ ዓረብኛ ነው። ትናንት ከሥራ ገብታ እንደነገረቻት፣ መኪናው ወለሉ ላይ መንጠቆ አለው፤ ማሰሪያም ነበረው። ጣሂር ግን የወንበሩ ፍሬን ይበቃል፣ ኸላስ፣ ይላል። ከሚሪያ ደግሞ ስንት ቦታ ነው የሚታሰረው ብላ ጠየቀቻት።

«አርባዓ» አለች ልጅቱ፣ እንቅልፍ እያዳፋት። ዞራ ተኛች።

አርባ! ከሚሪያ ለዑምራ መጥታ የቀረች ናት፤ ዓረብኛዋ ከሰላምታና ከዱዓ አያልፍም። ግን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፣ ቁጥር አይጠፋትም። ወሎ ሳለች በቅሎ ሙሉ እህል ጭና ገደል ለገደል ስትሄድ አንድ መጫኛ ይበቃት ነበር። ለአንዲት የከሳች አሮጊት አርባ ለምን? መኪናቸው ስለሚበር ይሆን? ደግሞስ አርባው እስኪታሰር ሶላቱ አያልፍም? ነገሩ አልገባትም። ባይገባትም እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም።

ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ጠዋት ተነሥታ አሮጌ አባያዋን ሸነታተረች፤ የልብስ መስጫውን ገመድ ፈታች። አልደርስ ሲላት ከጎረቤቷ ከዘቢባ ሻርፕ ልትለምን ሄደች። ዘቢባ፣ እዚህ ጉለይል ሰፈር ውስጥ የፍየል በረት ልትከፍቺ ነው ወይ እያለች ሳቀችባት፤ ሳቀችና ሁለት ሰጠቻት።

ጣሂር መጀመሪያ ከሪማን ሊወስድ፣ ከዚያ ወደ ማዳም ሊያልፍ መጣ። የደሴ ልጅ ነው፤ ቤቱን እንደ ቤቱ ነው የሚገባው። ወለሉ ላይ የተቆለለውን ጨርቅና ገመድ አይቶ ቆመ።

«እማማ፣ ማንን ልታስሪ ነው?»

«ወንበሩን ነዋ። አርባ አልሞላልኝም እንጂ።»

«አርባ ምን?»

«አርባ ማሰሪያ። አርባ ቦታ የሚታሰረውን አንድ ቦታ እንኳ ሳታስር ነው ልጄን የምትነዳት?»

ጣሂር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ያ ረቢ! እማማ፣ አርባዓ ማለት እኮ አራት ነው! ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። እሱም ጎማው ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ። ለማዳም ደግሞ ቀበቷቸው ለብቻ…» እጁን ዘርግቶ እያሳየ ነበር። መሀል ላይ እጁ ቆመ።

ከሚሪያ አየችው። ይህ የባሰ ግራ አጋባት። አርባ ቢሆንስ እሺ፣ ሰው ይሰለቻል።

«አራት ብቻ ነው?» አለች።

«አራት ነው።»

«ታውቀዋለሃ።»

ጣሂር አንገቱን አከከ። ማሰሪያዎቹ ለዘመዱ ፍሪጅ ሲያጓጉዝ ያሰረባቸው እንደሆኑ፣ እዚያው ዘመዱ ቤት እንደቀሩ፣ መንገዱም ለጥ ያለ አስፋልት እንደሆነ አጉተመተመ።

«ፍሪጁ ታስሮ ነው የሄደው?» አለች ከሚሪያ። በነገር ልትነካው አልነበረም፤ በእውነት እንዲገባት ነበር የጠየቀችው።

ጥግ ላይ ጫማዋን ስታስር የነበረችው ከሪማ ቀና አለች። ያበጠ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች፤ ያሰረችውን ጫማ ፈታች፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች።

ሄዶ ማሰሪያውን ያመጣ ይሆን? ወይስ ልጅቱ እምቢ አለች ብሎ ለከፊሏ ይነግር ይሆን? ከሚሪያ ፊቱን ብትመረምር ሁለቱንም አየችበት።

ጣሂር ቦርሳውን አየ፤ ከዚያ የጨርቁን ክምር አየ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ ክምሩን ተራምዶ ወጣ።