የጋሽ አምሃ እጅ

አቶ አምሃ እሁድ እሁድ ሚስታቸውን ወይዘሮ መሰለችን በሞተር ሳይክል ቤተ ክርስቲያን ያደርሱና፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ከግቢው ውጭ ግንብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። "ይግቡ እንጂ" ሲሏቸው፣ "የት ልግባ? እናንተ ሞልታችሁታል" ይላሉ። ስለ እምነት ከዚህ ያለፈ ሲናገሩ የሰማ የለም።

ክረምት ላይ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው በድን ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷቸው ካሉ በኋላ ወይዘሮ መሰለች አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ባላቸው ሳይሞቱ ጌታን መቀበላቸውን በዓይናቸው ማየት። የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስን አስጠሩ።

ልጃቸው እንድርያስ ነገሩ አልተዋጠለትም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር መዳን የእግዚአብሔር ምርጫ እንጂ የሰው ውሳኔ አይደለም የሚለውን የካልቪንን ትምህርት ማጥናት ከጀመረ ወዲህ፣ ስብከት ሲያበቃ "ጌታን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሡ" በተባለ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። በሰፈሩ የጥናት ቡድንም በዚሁ ጉዳይ ከጋሽ ጴጥሮስ ጋር ተከራክሯል።

"ሰው በመንፈሱ ሙት ነው" አለ ያን ጊዜ። "ሙት እንዴት እጁን ያነሣል? አስቀድሞ እግዚአብሔር ራሱ ያስነሣዋል፤ ሰውየው የሚያምነው ከዚያ በኋላ ነው።"

"ታዲያ እኔ ለምን እሰብካለሁ?"

"ስለታዘዙ።"

"ያለ ደሞዝ!" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አሁን ግን የሚስቅ የለም። ጋሽ ጴጥሮስ ጃንጥላቸውን በር ላይ አቁመው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። እንድርያስ ከግድግዳው በኩል፣ በአባቱ ግራ ነበር።

"ጋሽ አምሃ፣ ይሰሙኛል?"

ዓይናቸው ዞረ።

"ኢየሱስን አዳኝዎ አድርገው ከተቀበሉ እጅዎን ያንሡልን።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሽ ጴጥሮስ ጥያቄውን ደገሙት። ደህናው ግራ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ወይዘሮ መሰለች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ያንን እጅ ብቻ ያያሉ። እንድርያስ እናቱን አየ። ከዚያ መዳፉን በብርድ ልብሱ ስር አሾልኮ የአባቱን ክርን ወደ ላይ ገፋ።

እጁ ተነሣ።

ወይዘሮ መሰለች እልል አሉ። ጋሽ ጴጥሮስ አጭር ጸሎት ጸልየው ወጡ። እንድርያስ በረንዳው ላይ ደረሰባቸው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያነሣሁት።"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ሙት በራሱ እጁን አያነሣም ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"እኔ እግዚአብሔር አይደለሁማ!"

"እሱንስ እኔም አላጣሁትም።" ጃንጥላቸውን ዘረጉ። "ለእናትህ ግን አንተ ንገራት። እኔ አልነግርልህም።"

ተመልሶ ገባ። የአባቱን እጅ ወደ ብርድ ልብሱ ሊያስገባ ያዘውና ቆመ።

"እማዬ፣ ቅድም እጁን ያነሣሁት እኔ ነኝ።"



"ልቀቀውና ሂድ" አሉ ወይዘሮ መሰለች። "ትንሽ ብቻችንን ተወን።"

እንድርያስ ጣቶቹን ዘረጋ። እጁን ሊስብ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

"ልቀቀው አልኩህ እኮ።"

"ለቅቄዋለሁ፣ እማዬ። እሱ ነው የያዘኝ።"

እናቱ ቀረብ ብለው አዩ። የአባትየው ጣቶች በልጁ መዳፍ ዙሪያ ተጨብጠዋል። ምን ማለት እንደሆነ እንድርያስ አላወቀም፤ ሊያስረዳም አልሞከረም። ወይዘሮ መሰለች በዚህኛው እልል አላሉም። በርጩማ ስበው ተቀመጡ።