የጣውላ ሰፈር ድንኳን

መምህር ዓለምሰገድ የማይቆጣው ተኝቶ እያለ ብቻ ነው ይሉ ነበር የሚያውቁት። ሚዛን ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዜግነት ያስተምራል። ፌስቡክ ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ስለ መንገድ፣ ከነጋዴው ጋር ስለ ዋጋ ሲከራከር ያድራል። አንድ ሰው የሌላውን ስም በክፉ ካነሣ «ማስረጃህን አምጣ» ብሎ ያፈጥበታል። ተማሪዎቹም ከኋላው «ማስረጃ» ይሉታል። እሱም ያውቃል፣ ደስ ይለዋል።

በግንቦት 2017 አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእድሩን ዕቃ ቤት ሲከፍት ጴጥሮስ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጴጥሮስ ቡና ጫኝ ነው፤ የሚኖረውም ከድልድዩ ማዶ፣ ጣውላ ሰፈር።

«ወለላ ሌሊት አረፈች» አለ። «ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዝናቡን ያዩታል፣ መምህር። ድንኳኑን እንድትሰጡኝ መጣሁ።»

ወለላ ሚስቱ ናት። ዓለምሰገድ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ። አዲሱ ድንኳን ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ደንቡ ግን የእድሩ ድንኳን ድልድዩን አይሻገርም ይላል። የደንቡ ጸሐፊ ራሱ ዓለምሰገድ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአምስት ዓመት ተኩል በፊት፣ የጴጥሮስ እናት የሞቱ ጊዜ ነው። ያኔ ድንኳኑ ጣውላ ሰፈር ተተከለ። ሐዘኑ ሲያበቃ ጴጥሮስ የራሰውን ሸራ በትከሻው ተሸክሞ አመጣና ለንብረት ያዡ ለዓለምሰገድ አስረከበ። ወረቀት አልጠየቀም። በዚያው ቀን የዓለምሰገድ ወንድም ገሠሠ ከገጠር፣ ከሸዋ ቤንች መጣ። ያለ ወቅቱ ዝናብ ወርዶ እሸት ቡናው መሬት ላይ ሊበሰብስበት ነው፤ የሚያሰጣበት ሸራ የለውም። «ለሦስት ቀን ብቻ» አለ። ሦስቱ ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ። ድንኳኑ በቡና ጭማቂ ቀልቶ፣ ሻግቶ፣ ስፌቱ ለቀቀ።

በመሐል ከድልድዩ ወዲህ፣ ዋናው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ሞተና ድንኳኑ ተፈለገ። ዓለምሰገድ «ከጣውላ ሰፈር አልተመለሰም» አለ።

አንድ ቀን ለማግኘት ብሎ ነው የተናገረው፤ በማግሥቱ ገሠሠን ሸራ ሊያስገዛው አስቦ ነበር። ከተማው ግን ያን አንድ ቀን አልሰጠውም። እስከ ማታ በሰው አፍ ድንኳኑ ተሰርቆ ነበር። በሳምንቱ በጩቤ ተቀደደ። በወሩ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ማዶ ተይዞ ተደበደበ ተባለ፤ ሰውየው ግን በዚያን ጊዜ ቴፒ ልጁን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ቤቱን የሚያከራይ ሰው ከማዶ የመጣን ተከራይ መመለስ ጀመረ። እዚህ ላይ ከተማውን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በመናኸሪያው በር በየቀኑ ኪሱ የሚበረበረው ሁሉ፣ ሞባይሉን ዋናው መንገድ ላይ የተነጠቀው ሁሉ፣ ጣቱን የቀሰረው አንድ ቀን እንኳ ረግጦት ወደማያውቀው ሰፈር ነው። በገዛ በሩ የሚዘረፍ ሰው ሌባው ሩቅ አገር እንዲሆንለት ይፈልጋል።

ጴጥሮስ በጉባኤው ቆሞ «መልሻለሁ» ብሎ ነበር። አማርኛው የተማረው ቋንቋ ነው፤ ሲደነግጥ ይጠፋበታል። ዓለምሰገድ ግን ተናግሮ የሚያሳምን ሰው ነው። «ወንድሜ ጴጥሮስ፣ ግለሰብን አንወቅስም፤ የአካባቢውን ሁኔታ ነው የምናየው» አለና በአምስት መስመር ደንቡን አረቀቀ። ያኔ በጽሑፉ ኮርቶ ነበር።

የጴጥሮስ ልጅ ትዝታ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ እሱ በሚያስተምርበት ክፍል። ልጆቹ «ድንኳን» ይሏታል። ዓለምሰገድ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ብዙ ጊዜ ሰምቷል። ዞሮ አያውቅም።

«ኮሚቴውን ልጥራ» አለው ጴጥሮስን። «እዚሁ ጠብቀኝ።»

መጀመሪያ ያሰበው ራሱን ሳያጋልጥ ማሸነፍ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ወደሚሠራው የድሮ ተማሪው ወደ ፍሬአብ ደወለ።

«ዘንድሮ ከጣውላ ሰፈር ስንት ወንጀል ተመዘገበ?»

«ሁለት ነው፣ መምህር። አንዱ ዶሮ ነው። ዶሮዋም ተገኝታለች።»

«መናኸሪያውስ?»

«እሱን ተዉት፣ መዝገቡ ሞልቶ ሌላ ጀምረናል።»

ሊቀመንበሩ አቶ ሸዋንግዛውና ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ መጥተው ዕቃ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጴጥሮስ ውጭ፣ ጣራው ሥር ቆሟል። ዓለምሰገድ የዶሮዋን ነገር ሳይቀር ዘረዘረ።

«ፖሊስ የማያውቀው ስንት አለ» አሉ የዓለምዘርፍ። «እኔ በበኩሌ ለሠርግ እንኳ ብጠራ አልሄድም።»

«ሄደው ያውቃሉ፣ እትዬ?»

«ምን ልሠራ?»

አቶ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አድርገው የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ገለጡ። «እንዲህ ይላል፤ ‹በአካባቢው ተደጋግሞ ከታየው የንብረት መጥፋት አንጻር የእድሩን ሀብት ለአደጋ ማጋለጥ ተገቢ ባለመሆኑ።› ማን ነው የጻፈው? አንተው ነህ። ተደጋግሞ ያልከው አንተው ነህ።»

አንድ ጊዜ እንኳ ያልሆነውን «ተደጋግሞ» ብሎ የጻፈው ዓረፍተ ነገሩ እንዲያምርለት ነበር።

«ድንኳኑ ተመልሶ ነበር» አለ ዓለምሰገድ። «ጴጥሮስ በእጄ አስረክቦኛል። ለገሠሠ ቡና ማስጫ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሸራውን ያበሰበስነው እኛ ነን።»

የዓለምዘርፍ በሐዘኔታ አዩት።

«ሐዘንተኛ አይተህ ልብህ ራርቶ ነው፣ ልጄ። እኔም አዝኛለሁ።»

«አልራራሁም፣ እትዬ። ዋሽቻለሁ ነው የምልዎት።»

«ለሰዎቹ ስትል ራስህን ሌባ አታድርግ» አሉ ሸዋንግዛው። «የታለ ሸራው?»

«ገሠሠ አቃጥሎታል።»

«እንግዲያው ማስረጃህ ምንድን ነው?» አሉት፤ ለማሾፍ አልነበረም፣ ከልባቸው ነው የጠየቁት። «ይኸውልህ፣ መምህር፤ ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ ነው የሚነሣው። ጉባኤው የወሩ መጨረሻ ነው።»

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ጋሼ።»

መልስ ሳይጠብቅ ተነሣና ሸራውን ወደ በሩ ጎተተ። ደሙ ፈልቷል። ግን የሚቆጣበት ሰው አጣ። ደጅ ላይ ጴጥሮስ የሸራውን ሌላ ጫፍ አነሣ። የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል።

የባጃጅ ሾፌሩ ቤኪ እንጨቱንና ሸራውን ጭኖ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። «እስከዚህ ነው፣ መምህር።»

«ማዶ ማን ነክቶህ ያውቃል?»

«እኔን ማንም አልነካኝም። ግን የለቅሶ ድንኳን የሚሰርቅ ሰው ከባጃጅ ይመለሳል?»

ጴጥሮስ አንገቱን ደፍቶ እንጨቶቹን ማውረድ ያዘ። ዓለምሰገድ እውነቱን ለቤኪ ሳይነግር ሸራውን አነሣ። ሁለቱ ተሸክመው ተሻገሩ። ድልድዩን ጨርሰው የመጀመሪያዎቹን የሳንቃ ቤቶች ሲያልፉ አራት ጎረምሶች ከአንድ በር ወጡ። የዓለምሰገድ እጅ ሳያዘው የትከሻ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳበው። ልጆቹ መጥተው ሸክሙን ተቀበሉት። ውሸቱን የፈጠረው እሱ ነው፤ እሱም ቦርሳውን ጨብጧል። ጴጥሮስ እጁን አይቶ ፊቱን አዞረ።

ለቀስተኛው የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ መጠለያ ሠርቷል፤ ውሃው በስፌቱ ይወርዳል። ሴቶቹ ከሬሳው ሳጥን ራስጌ ቆመው በዝግታ ይዘምራሉ። ድንኳኑ ሲገባ ማንም አልጠየቀም፤ ወንዶቹ ተነሥተው ተከሉት። አንዲት ሴት ለዓለምሰገድ ደረቅ ቦታ ለቀቀችለት። ከዚያ መቀመጫ ላይ ሆኖ ትዝታን አያት። አይታዋለች። በክፍል እንደምታደርገው ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

ሦስቱንም ቀን ከትምህርት በኋላ እየመጣ ተቀመጠ። ነገሩን የሰማው ገሠሠ ስልክ ሲደውል አላነሣም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ወንዶቹ ድንኳኑን ነቅለው፣ ጭቃውን በጨርቅ ጠርገው አጣጠፉት።

«ይቁጠሩ፣ መምህር» አለ ጴጥሮስ።

«ምን እቆጥራለሁ፣ አምንሃለሁ።»

«ይቁጠሩ።»

ቆጠረ። አሥራ ሁለት እንጨት፣ ሃያ አራት ካስማ፣ አንድ ሸራ። ትዝታ ከደብተሯ ወረቀት ገንጥላ ከእስክሪብቶ ጋር ፊቱ አስቀመጠች።

«ተረክቤያለሁ ብለው ይጻፉ» አለ ጴጥሮስ። ዓለምሰገድ ጽፎ ፈረመ። ወረቀቱን ሊሰጠው ሲል ጴጥሮስ አልተቀበለውም።

«የበፊቱንም።»

«የቱን?»

«የእናቴን። ኅዳር አሥራ ስምንት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት። ሐሙስ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ያስረከብኩዎት፤ ሻይ እየጠጡ ነበር።»

ዓለምሰገድ ሻዩን ረስቶት ነበር። አሁን ትዝ አለው፤ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ በአገጩ «እዚያ ጣለው» ብሎ የዕቃ ቤቱን ጥግ አሳይቶት ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ ሊል አፉን ከፈተ። ጴጥሮስ ግን የሚያየው እስክሪብቶውን ነው። ስለዚህ ጻፈ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሸራው ሳይጎድል መመለሱን፣ ከዚያም ማን ወስዶ ምን እንዳደረገው ጻፈ። ዓረፍተ ነገሮቹ አላማሩም። በሕይወቱ ይህን ያህል አጭር ጽፎ አያውቅም።

ትዝታ ወረቀቱን አንሥታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አባቷ ፊቷን እያየ ይጠብቃል።

«መምህር» አለች፤ በክፍል አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። «ማኅተም የለውም።»

«ማኅተሙ ጋሼ ሸዋንግዛው ጋ ነው።»

«ማኅተም ከሌለው ማንም አይቀበለኝም።»

እውነቷን ነው። ሸዋንግዛው ይህን አንብበው ማኅተም የሚመቱት ዓለምሰገድ ሙሉ ጉባኤ ፊት ቆሞ ሲናገር ብቻ ነው፤ ያኔ እንደ በፊቱ ልቡ ራርቶ ነው ተብሎ አያመልጥም። ከዚያ ወዲያ የሚወጣለትን ስም ክፍል ሲገባ ይሰማዋል።

ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ ከዝናቡ እንዲተርፍ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ቀና ሲል ጴጥሮስ ሸራውን በትከሻው አድርጎ ቀድሞት ወጥቷል፤ ወደ ድልድዩ ይዞታል።