ወደ አታት የሄደው ቢስክሌት

መምህር አዳነ ወልቂጤ ከተመደበ ስምንተኛ ዓመቱ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ያንኑ ሒሳብ፣ ያንኑ የወንዞችና የተራሮች ስም አስተምሯል። አገሩ ደብረ ማርቆስ ለመዛወር ሦስት ጊዜ አመልክቶ መልስ አላገኘም። በ፲፱፻፷፬ ማመልከቱንም ተወው። ተናዶ አይደለም፤ ደክሞት ነው።

የቀሩት ልማዶቹ ነበሩ። ቅዳሜ ማለዳ ቢስክሌቱን በጨርቅ ይወለውላል፣ ካቴናውን ዘይት ይቀባል፣ ከዚያ እስከ ጉብሬ ከተማ ነድቶ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ሎሚ የምትባል ቢጫ ውሻው ምላሷን አውጥታ ትከተለዋለች። መንገድ ላይ ሰው ሲያጋጥመው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል እንጂ አይወርድም። የአገሩ ሰው ከበቅሎው ወርዶ ሰላም ሲል እሱ ማለፉ ነውር መሆኑ አልጠፋውም። ግን ለእያንዳንዱ ሰው ቆሞ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ ሲጠይቅ መዋል ታክቶት ነበር።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ጉብሬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ሴት አዝሎ የሚሄድ ሰው አየ። ሰውየው ጎብጧል። የሴትዮዋ ግራ እግር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል።

«እግዜር ይማርሽ» ብሎ አለፈ።

ትንሽ እንደሄደ ዞር ሲል ሎሚ የለችም። ቢያፏጭም አልመጣች። ሰውየው ሴትዮዋን መንገድ ዳር አውርዶ ሲያርፍ፣ ውሻይቱ አጠገባቸው ጋደም ብላለች። አዳነ የተመለሰው ለውሻው ነው። ይህን በኋላ ለማንም አልተናገረም።

«ነይ እንሂድ!» አላት። ጅራቷን ወዘወዘች እንጂ አልተነሣችም። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ትንቀጠቀጣለች። የታሰረው ጨርቅ ሽታ አዳነ እስከቆመበት ይመጣል።

«ምን ሆና ነው?»

«መጥረቢያ ነው ጌታዬ። ዐሥር ቀን ሆነው። አሁን አበጠና ትኩሳት ያዛት። አታት፣ ሐኪም ቤት ላደርሳት ነው።»

«ብቻህን? ቃሬዛ የሚይዝልህ ሰው በመንደሩ የለም?»

ሰውየው ወደ መሬት አየ። «እኛ ባለእጆች ነን» አለ። «ምሰሶ ስንጠርብ ይጠሩናል። ሚስቴን ግን ማን ይሸከማታል? ወንድሜ ነበር፤ እሱም አዲስ አበባ ገባ።»

አዳነ ነገሩን ያውቀዋል። በዚያ አገር እንጨት ጠራቢዎቹ የሰውን ቤት አቁመው ከጨረሱ በኋላ ደጃፉን አልፈው አይገቡም፤ ማንም አብሯቸው አይበላም። ስምንት ዓመት ሙሉ ያውቀዋል፣ ዝናብ መቼ እንደሚገባ በሚያውቀው ዓይነት።

ወደ ጉብሬ አየ። ሻዩ ትዝ አለው። ከዚያ «አስቀምጣት» አለ፣ የቢስክሌቱን መቀመጫ መታ መታ እያደረገ።

ሰውየው ዱባለ ይባላል፤ ሚስቱ ብርቄ። ዱባለ ከጎን ደግፏት፣ አዳነ መሪውን ይዞ እየገፋ፣ ኮረኮንቹን ተያያዙት። ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር ብርቄ ታቃስታለች። ከጉብሬ አለፍ ብሎ አንዲት ሴት ከደጇ ውሃ ሰጠቻቸው፤ ለአዳነ በብርጭቆ፣ ለሁለቱ በእንሰት ቅጠል ላይ ከከፍታ እያንጠባጠበች። አዳነ ብርጭቆውን ጨልጦ ከመለሰ በኋላ ነው ያስተዋለው። አፉ ውስጥ ውሃው መረረው።

አታት ሲደርሱ የአዳነ እጅ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሐኪም ቤቱ ሕመምተኛዋን ተቀበለ። አንዲት ነርስ እግሩን ፈትታ አየችና «ሁለት ቀን ብትቆይ ኖሮ ይቆረጥ ነበር» አለች። ዱባለ ሊያመሰግነው ጉልበቱ ሥር ሲጎነበስ፣ አዳነ «ተው እባክህ፣ ተው» ብሎ ወጣ።

ብርቄ ቢስክሌቱ ላይ የመቀመጧ ወሬ ከእሱ ቀድሞ ወልቂጤ ገብቶ ኖሯል። እሑድ እሑድ ቢስክሌቱን እየተዋሰ የሚሄደው መምህር ሀብተጊዮርጊስ በዚያ እሑድ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣ። ሌላው ተዋሽ፣ ባለሱቁ አሚኑም እንዲሁ ቀረ።

«ቢስክሌቱን ጠላኸው እንዴ?» አለው አዳነ፣ ሱቁ ሳሙና ሊገዛ ገብቶ።

«ኧረ አይደለም፣ መምህር። ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ወላሂ» አለ አሚኑ፣ ሚዛኑን እያየ።

አዳነ ድሮ ማዋሱ ሰልችቶት ነበር። አሁን የሚዋሰው ሲጠፋ ከዚያ የባሰ ሰለቸው።

ብርቄ በሦስተኛው ሳምንት በምርኩዝ ወጣች። ዱባለ ይህን ሊነግረው ወደ ከተማ መጣና አጥር ሥር ቆሞ ጠበቀው። ከነገረውም በኋላ አልሄደም።

«ጌታዬ፣ ሴት ልጅ አለችኝ። ሰባት ዓመቷ። ትምህርት ቤት ይቀበሏታል?»

አዳነ ልጅቷን ምን እንደሚጠብቃት ያውቃል። ልጆቹን ያውቃል፣ ወላጆቻቸውን ያውቃል። ቢችል «ይቅርባት» ይለው ነበር።

«መስከረም ላይ አምጣት» አለው።

መስከረም ላይ ልጅቷ መጣች። ስሟ ዘይቱ ነው። የዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል ለአዳነ ደርሶት ነበር። መጀመሪያ ቀን ዘይቱ የተቀመጠችበት አግዳሚ ከእሷ በቀር ባዶ ሆነ፤ ሌሎቹ አምስት አምስት ሆነው ተጨናነቁ። ሳምንት ሙሉ እንዲያ ሆነ። አዳነ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ሊናገር አፉን ከፍቶ ሁለቴ ተወው። በሁለተኛው ሳምንት የአሚኑን ልጅ «ሃሊማ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አላት። ሃሊማ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ በግማሽ መቀመጫዋ ተቀመጠች።

በማግስቱ አሚኑ ክፍሉ ደጃፍ ድረስ መጣ።

«መምህር፣ እንከባበር። ልጄን ከዚያ አንሣልኝ።»

«አሚኑ፣» አለ አዳነ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «እኔ ደክሞኛል። ስምንት ዓመት ከሰው ጋር ተስማምቼ ኖሬያለሁ፣ ምንም አልጠቀመኝም። እኔ አላነሣትም። ካሻህ ግባና ራስህ አንሣት።»

አሚኑ በመስኮቱ አየ። የንባብ መጽሐፍ ለሁለት ልጅ አንድ ነበር። ሃሊማ በጣቷ እየጠቆመች ታነባለች፤ ዘይቱ አንገቷን አስግጋ ትከተላታለች። ሲያነቡ የት ላይ እንደተቀመጡ የረሱ ይመስላሉ። አሚኑ በሩን ነካ አደረገና ተወው።

«ይህን ነገር እናቷ እንዳትሰማ» ብሎ ሄደ።

አዳነ ወደ ክፍል ተመልሶ ጠመኔውን አነሣ። ወንበሩን ከሁለቱ ልጆች አግዳሚ አጠገብ ስቦ ያን ቀን የቀረውን ትምህርት እዚያ ተቀምጦ አስተማረ።