የባሌስትራው ፋስ

ቢላዋው ውሃው ውስጥ ገና ከመግባቱ ጠቅ አለ። ታሂር እጁን ከወናፉ ሳያነሳ፣ ፊቱንም ሳያዞር፣ «ሰነጠቅኸው» አለ።

አራጌ በጉጠት ይዞ አወጣው። ከጀርባው እስከ ስለቱ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወርዳለች። ስድስተኛው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው እሳት ላይ ተረስቶ ፍንጥርጥር እያለ ተቃጠለ፤ ሁለተኛው እንደ ማጭድ ጎበጠ፤ የቀሩትን ባያነሳቸው ይሻላል።

«ስንት ጊዜ ልንገርህ? የደም መልክ ሲይዝ ነው የሚነከረው! አንተ ነጥቶ ዓይን እስኪወጋ ትጠብቃለህ።»

«ቀይ ነበር፣ አያ ታሂር።»

«ላንተ ነዋ ቀይ የሆነው!»

አራጌ ቢላዋውን ከተሰባበሩት ጋር ጣለው። አርባ አራት ዓመቱ ነው። እስከ አምና ድረስ ከቆቦ በታች ባለው ሜዳ ማሽላ ያመርት ነበር፤ በእርሻ የሚታማ ሰው አልነበረም። ዝናቡ ተከታትሎ ሲቀር አንዱ በሬ ሞተ፣ ሌላውን ሸጠው በሉት። ከዚያ የሰፈራው ምዝገባ መጣ። ጥሪት ያለቀበት ሁሉ አገር ለቆ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር አባል የሆነ ግን አይነካም ተባለ። ይህን በሰማ ማግስት አራጌ የቀጥቃጩን የታሂርን ደጅ ጠና። የእናቱ ወንድሞች ከዚያ ወዲህ ቤቱን ረግጠው አያውቁም፤ ከዘራቸው ብረት ቀጥቅጦ ያደረ የለምና።

ዛሬ የፈተናው ቀን ደርሷል። ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሊቀመንበር አራጌ በገዛ እጁ የሠራውን ዕቃ ያያል፤ የአባላት ምዝገባውም ማምሻውን ይዘጋል።

«ቢላዋውን ተወው» አለ ታሂር። «ፋስ ሥራ። ወፍራም ስለሆነ ምናልባት ይታገስህ ይሆናል።»

አራጌ ከአውራ ጎዳናው ዳር ከተገለበጠ ካሚዮን ሥር የተነቀለውን የባሌስትራ ብረት ቁራጭ ከሰሉ ውስጥ ቀበረ። ሲግል አውጥቶ ቀጠቀጠው። የፋስ መልክ መያዝ ሲጀምር ልቡ ትንሽ ተነሳሳ፤ ለዛቢያው የሚሆነውን ቀዳዳ ሲበሳ ግን መብሻው ሸርተት አለና ቀዳዳው ወደ ግራ ተንሻፈፈ። መዶሻውን አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«አንሳው!» ጮኸ ታሂር። «እኔ ቤት መዶሻ አይወረወርም!»

አራጌ አነሳው። ታሂር ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀና ከጥጉ አንድ የተወለወለ ፋስ አምጥቶ አስያዘው። «ይኸን ወስደህ አሳያቸው። እኔ ሠራሁት በል። ወላሂ ሰልችተኸኛል፤ ተመዝገብና ልገላገልህ።»

ፋሱ እጅ ላይ ሲይዙት ክብደቱ አይሰማም። አራጌ አንድ ጊዜ አገላብጦ አየው። ማንም አያውቅበትም ነበር። ግን ድንገት ንዴት መጣበት፤ አርባ ቀን ሙሉ የተሰደበው፣ አርባ ቀን ሙሉ መዳፉ የተላጠው፣ የሌላ ሰው ብረት ተሸክሞ ለመቆም ነው? መለሰለትና የራሱን ሸፋፋ ፋስ እሳቱ ውስጥ ከተተው።

«አሁን ነው?» አለ ብረቱ ሲቀላ።

ታሂር ወናፉን መንፋት ቀጠለ።

«አያ ታሂር፣ አሁን ነው ወይ?»

«ዓይን የለህም?»

ተናዶ ነከረው። ውሃው ቿ ብሎ ተንፈቀፈቀ። ሁለቱም አንገታቸውን ሰብቀው አዳመጡ። ጠቅ የሚል ነገር የለም። አራጌ ስለቱን ሞርዶ ዛቢያ ሰካበትና ወደ ማኅበሩ ይዞት ሄደ።

ሊቀመንበሩ ካኪ የለበሰ ቀጭን ሰው ነበር። ቀዳዳውን አይቶ ሳቀ። «ምነው ይኸ ነገር፣ ጠጅ ቀምሷል እንዴ?» አለ። ከዚያ የደረቀ የግራር ጉማጅ አስመጥቶ ሦስት ጊዜ መታው። በሦስተኛው ፋሱ ተሰንቅሮ ቀረ፤ ታግሎ ነቀለው፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አልተሸረፈም። «ያስጠላል» አለ፤ ቀጥሎም ወረቀት አውጥቶ «ተለማማጅ» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት።

አራጌ ወረቀቱንና ፋሱን ይዞ እየሮጠ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ በላይነሽ በተጠቀለለ ቁርበት ላይ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን ሲዘረጋላት አላየችውም።

«ጠዋት ለሰፈራው አስመዝግቤያለሁ» አለች።

«ማንን?»

«ሁላችንንም። አርባ ቀን ጠበቅሁህ፣ አራጌ። አርባ ቀን የተሰበረ ብረት ይዘህ ትገባለህ። ልጆቹ ብረት ይብሉ?»

«ማንን ጠይቀሽ?»

«አንተስ ቀጥቃጭ ስትሆን ማንን ጠየቅህ?»

በላይነሽ ብድግ ብላ ፋሱን ከእጁ ነጠቀችው። በር ላይ ቆማ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ የተንሻፈፈውን ቀዳዳ አየች፣ ከንፈሯን መጠጠችና ወደ ጓሮ ወጣች። እዚያ በድርቁ የሞተ ግራር አለ። አንድ ጊዜ መታችው። ቆየችና ደግማ መታችው። ከዚያ ማቆሚያ አጣች፤ በዚያ ዓመት ያልተናገረችውን ሁሉ በዛፉ ላይ የምታወርድ ይመስል ነበር። አራጌ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ሰማት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እንጨት ታቅፋ ተመለሰች። ግንባሯ በላብ ርሷል። እንጨቱን ከእግሩ ሥር ዘረገፈችው፤ ፋሱንም መልሳ አስያዘችው።

«ዛቢያው አጥሮብኛል» አለች በንጭንጭ፣ ዓይኑን ሳታይ። «ነገ አስረዝመው።»

አራጌ የሚያስረዝመው እዚሁ ይሁን ወይስ በሰፈራው አገር አልጠየቃትም።